የማቃጠያ ክፍል ቅርጽና የካንዴላ አቀማመጥ በቤንዚን ሞተር ብቃት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

አኅጽሮተ ጥናት

የቤንዚን ሞተር ኃይልና የነዳጅ አጠቃቀም በከፍተኛ ደረጃ የሚወሰነው የአየርና የነዳጁ ድብልቅ በምን ያህል ጊዜ ተቃጥሎ እንደሚያልቅ ነው። ይህ ጽሑፍ የማቃጠያ ክፍሉ ቅርጽ እንዲሁም የካንዴላው ቦታና ቁጥር ይህን ጊዜ እንዴት እንደሚወስኑ በቀላል የጂኦሜትሪ ስሌትና በታወቁ ሞተሮች ምሳሌነት ያስረዳል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ ቅርጽና ካንዴላ ተለያይተው ሊመዘኑ አይገባም የሚል ነው። ሁለተኛ ካንዴላ ጉልህ ጥቅም የሚሰጠው የመጀመሪያው ካንዴላ መሐል ላይ ሊቀመጥ ባልቻለበት ወይም ድብልቁ በዝግታ በሚነድበት ክፍል ውስጥ ነው። በመጨረሻም ይህ ግንዛቤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ለሚሠሩና በጥገና ወቅት የማቃጠያ ክፍላቸው ለተለወጠ ሞተሮች ያለው ትርጉም ይብራራል።

ቁልፍ ቃላት፦ የማቃጠያ ክፍል፣ ካንዴላ፣ የነበልባል ፍጥነት፣ ኳኳታ፣ የእመቃ ምጥጥን፣ ከፍታ

1. መግቢያ

በቴርሞዳይናሚክስ ትምህርት የምናውቀው የኦቶ ዑደት ሙቀቱ በቅጽበት፣ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ በደረሰበት ነጥብ፣ ለጋዙ እንደሚሰጥ ይቆጥራል። ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ከሠራው ባለ አራት ምት ሞተር ጀምሮ እስከ ዛሬ ግን ይህን በተግባር ያሳየ ሞተር የለም። ቃጠሎ ጊዜ ይፈልጋል። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚሽከረከር ሞተር አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ20 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከዚህ ውስጥ ነበልባሉ ተለኩሶ ክፍሉን እንዲያዳርስ የሚፈቀድለት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲደርስ ይህ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል።

የሞተር ነዳፊ የማቃጠያ ክፍልን ሲቀርጽና ካንዴላውን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ሲመርጥ በእርግጥ የሚወስነው ይህን ጊዜ ነው። ሆኖም በመማሪያ መጻሕፍትም ሆነ በጋራዥ ውይይት ሁለቱ ጉዳዮች አብዛኛውን ጊዜ ተነጣጥለው ይቀርባሉ፤ የክፍል ቅርጾች በአንድ ምዕራፍ፣ የብልጭታ ሥርዓት በሌላ ምዕራፍ። በዚህም የተነሣ «ሁለት ካንዴላ ከአንድ ይሻላል» ወይም «ንፍቀ ክበባዊ ክፍል ከሁሉም የላቀ ነው» የሚሉ አጠቃላይ ፍርዶች ይሰነዘራሉ። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ፍርዶች እውነት የሚሆኑባቸውንና የማይሆኑባቸውን ሁኔታዎች ለመለየት ይሞክራል።

2. የቃጠሎ ጊዜ ለምን ወሳኝ ሆነ?

ድብልቁ ሙሉ በሙሉ የሚቃጠለው ፒስተኑ ወደ ላይ እየወጣ ባለበት ወቅት ቢሆን የጋዙ ግፊት ፒስተኑን ተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋዋል፤ ሥራም ይባክናል። ቃጠሎው ዘግይቶ ፒስተኑ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ቢፈጸም ደግሞ የጋዙ ሙቀት ተስፋፍቶ ሥራ ሳይሠራ በጭስ ማውጫው ይወጣል። በመካከል ተስማሚ ነጥብ አለ። በልምድ እንደሚታወቀው፣ የድብልቁ ግማሽ ክብደት ተቃጥሎ የሚያልቀው ፒስተኑ የላይኛውን ጫፍ ካለፈ ከ8 ዲግሪ የክራንክ ዙር ገደማ በኋላ ሲሆን ሞተሩ ከፍተኛውን ቶርክ ይሰጣል።

ለዚህም ሲባል ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ላይ ከመድረሱ በፊት ይሰጣል። ቃጠሎው ዘገምተኛ በሆነ መጠን ብልጭታው ይበልጥ መቅደም አለበት። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የተሳሳተ ግምት ማረም ይገባል። ብልጭታን ማስቀደም የዘገምተኛ ክፍልን ጉድለት ሙሉ በሙሉ አያካክስም። የቃጠሎውን መሐል ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመልሰዋል እንጂ ቃጠሎውን አያሳጥረውም። ረጅም ቃጠሎ በአንድ በኩል ወደ ላይ በሚወጣው ፒስተን ላይ ቀድሞ ይጫናል፤ በሌላ በኩል ዘግይቶ ይጎተታል።

የዘገምተኛ ቃጠሎ ሁለተኛው ዋጋ ኳኳታ ነው። ነበልባሉ ከካንዴላው ተነሥቶ ሲስፋፋ ገና ያልተቃጠለውን የጥግ ድብልቅ ያምቀዋል፤ ያሞቀዋልም። ይህ ድብልቅ ነበልባሉ እስኪደርስበት ሳይጠብቅ በራሱ ከነደደ በክፍሉ ውስጥ የግፊት ሞገድ ይፈጠራል፤ በውጭ የሚሰማው የማንኳኳት ድምፅም ይኸው ነው። ስለዚህ ኳኳታ በሁለት ሰዓቶች መካከል የሚደረግ እሽቅድምድም ነው፤ አንደኛው ነበልባሉ ጥጉ ላይ ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ፣ ሁለተኛው የጥግ ድብልቁ በራሱ ለመንደድ የሚወስድበት ጊዜ። የቤንዚኑ ኦክቴን ቁጥር የሚያራዝመው ሁለተኛውን ሲሆን፣ የክፍሉ ቅርጽና የካንዴላው ቦታ በዋናነት የሚያሳጥሩት የመጀመሪያውን ነው።

ይህ እሽቅድምድም የሞተሩን ብቃት ጣሪያ ይወስናል። የእመቃ ምጥጥን የሚባለው ፒስተኑ ከታች ሲሆን ያለው የሲሊንደር ይዘት ከላይ ሲሆን ለሚቀረው ይዘት ያለው ንጽጽር ነው። የጋዙን የሙቀት አቅሞች ንጽጽር 1.3 ብለን ብንወስድ፣ የኦቶ ዑደት ሐሳባዊ ብቃት በ4 ምጥጥን 34 በመቶ፣ በ9 ምጥጥን 48 በመቶ፣ በ12.5 ምጥጥን ደግሞ 53 በመቶ ይሆናል። ከ9 ወደ 12.5 ማሳደግ በዚያው ነዳጅ አንድ አሥረኛ ያህል ተጨማሪ ሥራ ያስገኛል ማለት ነው። ይህን እንዳናደርግ የሚያግደን ኳኳታ ነው።

3. ነበልባልና ነውጥ

በከባቢ አየር ግፊትና በክፍል ሙቀት፣ በተረጋጋ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ውስጥ ነበልባል የሚጓዘው በሰከንድ 0.4 ሜትር ገደማ ነው። ዲያሜትሩ 86 ሚሊ ሜትር የሆነን ሲሊንደር ከመሐል እስከ ጠርዝ ለማዳረስ በዚህ ፍጥነት ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ይህ ከአምስት ሙሉ ዙሮች በላይ ነው። ነበልባሉ በነውጥ ባይታገዝ ኖሮ ፈጣን የቤንዚን ሞተር የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የጋዝ ነውጥ የነበልባሉን ግንባር እያጣጠፈና እየሸነሸነ የሚነድበትን ገጽ ያሰፋዋል፤ ከሙቀቱና ከተቃጠለው ጋዝ መስፋፋት ጋር ተደምሮም የነበልባሉ ጉዞ በሰከንድ አሥርና ሃያ ሜትር ይደርሳል።

የነውጡ ጥንካሬ ከፒስተኑ ፍጥነት ጋር አብሮ ያድጋል። የሞተሩ ዙር እጥፍ ሲሆን ነበልባሉም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቃጠሎው በሚሊ ሰከንድ ሲለካ ቢያጥርም በክራንክ ዲግሪ ሲለካ ብዙም የማይለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። በከፍተኛ ዙር የሚሠሩ ሞተሮች ሊኖሩ የቻሉትም በዚሁ የተፈጥሮ ስምምነት ነው።

ነዳፊው ነውጥን የሚያገኘው በሦስት መንገዶች ነው። የመጀመሪያው በሲሊንደሩ ዘንግ ዙሪያ የሚዞር ሽክርክሪት ሲሆን፣ የአየር ማስገቢያው ወደ ጎን በማዘንበሉ ይፈጠራል። ሁለተኛው እንደሚንከባለል በርሜል በአግድም ዘንግ ዙሪያ የሚዞር እንቅስቃሴ ነው፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ይህ ዙር ተጨፍልቆ ወደ ጥቃቅን ነውጥ ይበታተናል፤ ይህም ልክ ብልጭታው በሚያስፈልግበት ሰዓት ይሆናል። ሦስተኛው የጠርዝ ጭምቀት ነው። የፒስተኑ ራስ ከፊሉ የሲሊንደሩን ክዳን ሊነካ እስኪቃረብ ሲደርስ በመካከላቸው ያለው ድብልቅ ወደ ዋናው ክፍል በኃይል ይረጫል። ክፍተቱ ቀጭን ስለሆነም በውስጡ የሚቀረው ጥቂት ድብልቅ በብረቱ ቅዝቃዜ ይጠበቃል፤ በራሱ የመንደድ ዕድሉም ያንሳል።

ነውጥ ግን ዋጋ አለው። ከልክ ሲያልፍ ሙቀትን ወደ ግድግዳው ያሸሻል፤ ገና የተወለደችውን የብልጭታ እሳትም ሊያጠፋት ይችላል። ነውጥ ለመፍጠር የተጣመመ የአየር ማስገቢያ በከፍተኛ ዙር የሚገባውን አየር ይቀንሳል። በጣም ፈጣን ቃጠሎም ግፊቱን በድንገት ስለሚያሳድግ ድምፁ ሻካራ ይሆናል፤ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልቀትም ይጨምራል። ስለዚህ ግቡ እጅግ ፈጣኑ ቃጠሎ ሳይሆን በቂ ፈጣንና ከዑደት ዑደት የማይዋዥቅ ቃጠሎ ነው።

4. የክፍል ቅርጾች ከታሪካቸው ጋር

የክፍል ቅርጾች ታሪክ የመንገድ አጭርነትንና የአየር አገባብን የማስታረቅ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 የተመረተው የፎርድ ሞዴል ቲ ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን የቆሙ ስለነበሩ የማቃጠያ ክፍሉ ከፒስተኑ በላይ ተነሥቶ ወደ ጎን የተዘረጋ ጠፍጣፋ ዋሻ ነበር። ነበልባሉ ከቫልቮቹ በላይ ተነሥቶ እስከ ሲሊንደሩ ሩቅ ጠርዝ መጓዝ ነበረበት። ነውጡ ደካማ፣ የግድግዳው ስፋትም ከይዘቱ አንጻር ትልቅ ነበር። የእመቃ ምጥጥኑ 4 አካባቢ ሲሆን፣ ከ2.9 ሊትር ይዘት የሚገኘው ኃይል 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር።

እንግሊዛዊው ኢንጂነር ሃሪ ሪካርዶ ኳኳታ ከብልጭታ በፊት ከሚነሣ እሳት የተለየና በጥግ ድብልቅ መንደድ የሚመጣ መሆኑን ካስረዱት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያቀረበው መፍትሔ ቫልቮቹን ከቦታቸው ሳያነሣ ክፍሉን መቀየር ነበር። የክፍሉን ይዘት ከቫልቮቹ በላይ ሰብስቦ፣ በቀረው የፒስተን ገጽ ላይ ክዳኑን ዝቅ አደረገው። በዚህ አንድ ለውጥ የነበልባሉ መንገድ አጠረ፤ የጠርዝ ጭምቀት ነውጥ ጨመረ፤ ሩቁ የጥግ ድብልቅም ቀጭንና ቀዝቃዛ ሆነ። የሪካርዶ ሥራ ዛሬም ትምህርቱ ሕያው ነው፤ በዚያው ነዳጅና በዚያው የቫልቭ አሠራር ቅርጽ ብቻውን የኳኳታን ወሰን ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል አሳይቷል።

ንፍቀ ክበባዊ ክፍል ሌላ መንገድ መረጠ። ለተወሰነ ይዘት አነስተኛ የግድግዳ ስፋት ስላለው ሙቀት የሚያባክነው በጥቂቱ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ትላልቅ ቫልቮችን ፊት ለፊት አዘንብሎ ለማስቀመጥ ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1951 የተሠሩ ሁለት የአሜሪካ ሞተሮች ለንጽጽር ይጠቅማሉ። የካዲላክና የክራይስለር ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ሁለቱም ይዘታቸው 331 ኪዩቢክ ኢንች (5.4 ሊትር)፣ የእመቃ ምጥጥናቸውም 7.5 ነበር። ሽብልቅ መሰል ክፍል የነበረው የካዲላክ 160 የፈረስ ጉልበት፣ ንፍቀ ክበባዊው የክራይስለር ደግሞ 180 ይሰጡ ነበር። ነገር ግን ልዩነቱ በዋናነት የመጣው ከፈጣን ቃጠሎ ሳይሆን ከተሻለ የአየር አገባብ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ንፍቀ ክበባዊ ክፍል በባሕርዩ የጠርዝ ጭምቀት የለውም፤ ነውጡም ለስላሳ ነው። የእመቃ ምጥጥኑን ከፍ ለማድረግ ሲፈለግ የፒስተኑ ራስ እንደ ጉልላት መነሣት አለበት፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ክፍተት እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀጭንና ጎባጣ ይሆናል፤ ነበልባሉም ጉልላቱን እየዞረ ይሄዳል። ቅርጹ በዝቅተኛ ምጥጥን ያለውን መልካምነት በከፍተኛ ምጥጥን ያጣል።

ይህን ቅራኔ በግልጽ የፈታው እ.ኤ.አ. በ1967 ኪዝ ዳክወርዝ የነደፈው ባለ 3 ሊትር የኮስዎርዝ ዲ.ኤፍ.ቪ. የውድድር ሞተር ነው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቮችን አደረገ፤ በማስገቢያና በማስወጫ ቫልቮች መካከል ያለውን ማዕዘን ወደ 32 ዲግሪ አጠበበ፤ ፒስተኑንም ጠፍጣፋ አድርጎ ካንዴላውን በአራቱ ቫልቮች መሐል ተከለ። ክፍሉ ዝቅ ያለ የቤት ጣሪያ ይመስላል። ሞተሩ 400 የፈረስ ጉልበት ያህል ሰጠ፤ ቅርጹም በኋላ የተራ መኪኖች ሁሉ መለኪያ ሆነ። ዛሬ ባለ አራት ቫልቭ የቤንዚን ሞተሮች በአብዛኛው ይህን የጣሪያ ቅርጽና የመሐል ካንዴላ ይከተላሉ።

በሁለት ቫልቭ ብቻ ምን ያህል መሄድ እንደሚቻል ያሳየው ደግሞ የጃጓር ባለ 5.3 ሊትር አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ነው። በመጀመሪያ ክዳኑ ጠፍጣፋ፣ ምጥጥኑም 9 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የስዊሱ ኢንጂነር ሚካኤል ማይ የነደፈው ክፍል ተተካበት። በዚህ ንድፍ የማስገቢያው ቫልቭ ከክዳኑ ገጽ ብዙም ያልራቀ ሲሆን፣ ዋናው ክፍል በማስወጫው ቫልቭ ሥር የተቆፈረ ጠባብ ጎድጓዳ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ድብልቁ በቦይ በኩል እየተሽከረከረ ወደ ጎድጓዳው ይገባል፤ ካንዴላውም እዚያው ይጠብቀዋል። የእመቃ ምጥጥኑ ወደ 12.5 ሊያድግ ቻለ። ካንዴላው ከሲሊንደሩ መሐል ላይ አይደለም፤ ከሚቃጠለው ድብልቅ ግን ቅርብ ነው። ለካካው የሚለካው ርቀት ከሲሊንደሩ መሐል ሳይሆን ከድብልቁ መሐል ነው።

5. አንድ ካንዴላ ወይስ ሁለት?

አሁን ወደ ጂኦሜትሪው እንግባ። የሲሊንደሩን ዲያሜትር 86 ሚሊ ሜትር፣ ክፍሉን እንደ ጠፍጣፋ ክብ፣ የነበልባሉን አማካይ ፍጥነት ለምሳሌነት በሰከንድ 20 ሜትር እንውሰድ። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ አንድ ሚሊ ሰከንድ ከ18 ዲግሪ የክራንክ ዙር ጋር እኩል ነው። ነበልባሉ ሩቁ ነጥብ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው፦

ካንዴላው መሐል ላይ ሲሆን ርቀቱ 43 ሚሊ ሜትር፣ ጊዜው ወደ 39 ዲግሪ፤
አንድ ካንዴላ በራዲየሱ ግማሽ ላይ ሲሆን ርቀቱ 64.5 ሚሊ ሜትር፣ ጊዜው 58 ዲግሪ፤
አንድ ካንዴላ ጠርዝ ላይ ሲሆን ርቀቱ 86 ሚሊ ሜትር፣ ጊዜው ወደ 77 ዲግሪ፤
ሁለት ካንዴላዎች በተቃራኒ ጎኖች በራዲየሱ ግማሽ ላይ ሲሆኑ ርቀቱ 48 ሚሊ ሜትር፣ ጊዜው ወደ 43 ዲግሪ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ከመሐል ለራቀ ካንዴላ በተቃራኒው በኩል ሁለተኛ ቢጨመርለት ረጅሙ መንገድ በሩብ ያህል ያጥራል፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ካንዴላዎች መሐል ላይ ከተቀመጠው አንድ ካንዴላ ጋር ሲወዳደሩ ረጅሙን መንገድ ጭራሽ አያሳጥሩም። ይህ የምሳሌው አጋጣሚ አይደለም። አንድን ክብ በሁለት እኩል ክቦች ለመሸፈን ሽፋኖቹ ከራሱ ከክቡ ማነስ አይችሉም፤ ስለዚህ ሁለት ካንዴላዎች የትም ቢቀመጡ ረጅሙ መንገድ ከራዲየሱ በታች አይወርድም።

ሁለት ካንዴላዎች ከመሐል ካንዴላ ጋር ሲነጻጸሩም ቢሆን የሚሰጡት ሌላ ጥቅም አለ። ቃጠሎ የሚዘገየው ገና ሲጀምር፣ የእሳቱ እምብርት ትንሽ በሆነበት ሰዓት ነው። በዚህ ደረጃ ሁለት እምብርቶች የሚነደውን ገጽ እጥፍ ያደርጉታል፤ አንዱ ደካማ ድብልቅ ቢገጥመው ሌላው ስለሚተካው በዑደቶች መካከል ያለው መዋዠቅም ይቀንሳል። ይህ ጥቅም የሚጎላው ድብልቁ ለመንደድ ሲያስቸግር፣ ማለትም ነዳጁ ሲሳሳ ወይም የተቃጠለ ጋዝ ሲደባለቅበት ነው።

የታወቁት ባለ ሁለት ካንዴላ ሞተሮች ይህን ትንታኔ ይደግፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ የወጡት የኒሳን ዜድ ሞተሮች የናይትሮጅን ኦክሳይድን ለመቀነስ ብዙ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሱ ስለነበር የዘገየውን ቃጠሎ ለማፋጠን ሁለት ካንዴላ ተደረገላቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 በአልፋ ሮሜዮ 75 ላይ የወጣው ባለ 2 ሊትር ሞተር ትላልቅ ዘንባላ ቫልቮች ስለነበሩት መሐሉ ለካንዴላ አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ2001 በሆንዳ ፊት ላይ የተገጠመው ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ባለ ሁለት ቫልቭ ሲሆን፣ ሁለቱን ካንዴላዎች እንደ ዙሩና እንደ ጭነቱ በተለያየ ቅጽበት ያቀጣጥል ነበር፤ የእመቃ ምጥጥኑም 10.8 ደርሷል። ስሙ በከተሞቻችን የባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ መጠሪያ የሆነው የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2003 በፑልሳር ሞተር ሳይክሉ ላይ ሁለት ካንዴላ ያደረገው በሁለት ቫልቭ ክፍል ላይ ነው። በአራቱም ሞተሮች ውስጥ የመሐል ቦታው በቫልቮች የተያዘ ወይም ድብልቁ በዝግታ የሚነድ ነበር።

በፒስተን የሚሠሩ የአውሮፕላን ሞተሮች ሁለት ካንዴላና ሁለት ማግኔቶ የሚኖሯቸው በዋናነት ለደኅንነት ነው። ሆኖም አብራሪው ከመነሣቱ በፊት በሚያደርገው ፍተሻ አንዱን ማግኔቶ ሲያጠፋ የሞተሩ ዙር በመጠኑ ይወርዳል። ሞተሩ አልተበላሸም፤ ነዳጁና አየሩም አልተቀነሱም። የተለወጠው የቃጠሎው ርዝመት ብቻ ነው። እንደ ላይካሚንግ ኦ-320 ባሉ ሞተሮች የሲሊንደሩ ዲያሜትር 130 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መንገዱ ረጅም ነው፤ ልዩነቱም በዙር ቆጣሪው ላይ በዓይን ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተገለጸውን ጉዳይ ያለ ላቦራቶሪ የሚያሳይ ከዚህ የቀለለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

6. ከፍታና ጥገና በእኛ ሁኔታ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መንግሥት በመወሰኑ፣ ያሉት የቤንዚን ሞተሮች እየታደሱ ለረጅም ጊዜ ማገልገላቸው አይቀርም። ስለዚህ የማቃጠያ ክፍል ጉዳይ ለእኛ የነዳፊ ብቻ ሳይሆን የአዳሽም ጥያቄ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ 76 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ፣ ጥግግቱም 79 በመቶ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። በአንጻሩ የጥግ ድብልቁ ግፊት ስለሚቀንስ የኳኳታው ወሰን ይርቃል። በባሕር ወለል 9 የእመቃ ምጥጥን ያለው ሞተር በእመቃ መጨረሻ የሚያገኘውን ግፊት አዲስ አበባ ላይ ለማግኘት ምጥጥኑ 11 ያህል መሆን ይኖርበታል። የሙቀት መጠኑ ግን ከምጥጥኑ ጋር ስለሚያድግ ይህን ልዩነት ሙሉ በሙሉ መጠቀም አይቻልም። የሆነ ሆኖ ለባሕር ወለል የተነደፈ ሞተር ደጋ ላይ ያልተጠቀመበት ትርፍ አለው። ብልጭታን ጥቂት በማስቀደም የትርፉን ከፊል ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ብልጭታው በጆሮ የተቀደመለት መኪና ወደ አዋሽ ሸለቆ ወርዶ በሙቀትና በጭነት ዳገት ሲወጣ ኳኳታው ይመለሳል፤ የኳኳታ መቆጣጠሪያ የሌለው የቀድሞ ሞተር ራሱን አያርምም።

ሁለተኛው ጉዳይ የክዳኑ፣ በጋራዥ ቋንቋ የቴስታታው፣ መላግ ነው። ሞተር ሞቆ ቴስታታው ሲጣመም ገጹ በማሽን ተልጎ ይስተካከላል። ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ የነበረውን የላዳ 2101 ሞተር እንውሰድ። ዲያሜትሩ 76፣ ምቱ 66 ሚሊ ሜትር፣ የእመቃ ምጥጥኑ 8.5 ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ የሚቀረው ይዘት 40 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቴስታታው በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢላግ ይህ ይዘት ቢበዛ በ2.3 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ ምጥጥኑም ቢበዛ ወደ 8.95 ይጠጋል። አዳሹ ኳኳታ ፈርቶ በግማሽ ሚሊ ሜትር የወፈረ ጋስኬት ቢያደርግ ምጥጥኑ ወደ 8.5 ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ወዳለ ቦታ ይመለሳል። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ተስተካክሏል።

በክፍሉ ውስጥ ግን አልተስተካከለም። ገጹን መላግ በፒስተኑ ራስና በክዳኑ ጠፍጣፋ ጠርዝ መካከል ያለውን ክፍተት አይለውጥም፤ ጋስኬቱን ማወፈር ግን ያሰፋዋል። የጠርዝ ጭምቀት በደንብ የሚሠራው ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን ነው። በግማሽ ሚሊ ሜትር ሲሰፋ የሚረጨው ድብልቅ ይዳከማል፤ ነውጡ ይቀንሳል፤ በክፍተቱ ውስጥ የሚቀረው የጥግ ድብልቅ ግን ይጨምራል፤ ቅዝቃዜውም ያንሳል። ኳኳታን ለመከላከል የተደረገው ጥንቃቄ የኳኳታን በር መልሶ ሊከፍት ይችላል። አንድ ዓይነት የእመቃ ምጥጥን ያላቸው ሁለት ሞተሮች አንድ ዓይነት ሞተር አይደሉም ማለት ነው።

ካንዴላ ሲተካም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የክሩ ርዝመት ከተመደበው ያጠረ ካንዴላ ብልጭታውን በቀዳዳው ውስጥ ቀብሮ ያስቀረዋል፤ እሳቱም ነውጥ ወዳለበት ክፍል ለመውጣት ጊዜ ያባክናል። የረዘመው ደግሞ ፒስተኑን ሊመታ ወይም ግሎ ከጊዜው በፊት ሊያቀጣጥል ይችላል። ክሩ የሚገጥም ካንዴላ ሁሉ የሚስማማ ካንዴላ አይደለም።

7. ማጠቃለያ

የማቃጠያ ክፍል ቅርጽና የካንዴላ አቀማመጥ የአንድ ጥያቄ ሁለት ገጾች ናቸው፤ ጥያቄውም ነበልባሉ ከተለኮሰበት እስከ ሩቁ ድብልቅ ድረስ ስንት ዲግሪ ይፈጅበታል የሚል ነው። የመሐል ካንዴላ ባለው የታመቀ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ካንዴላ የሚያሳጥረው ረጅም መንገድ የለም፤ ጥቅሙ በጅማሬው ፍጥነትና በመዋዠቅ መቀነስ ላይ ይወሰናል። መሐሉ በቫልቮች በተያዘበት፣ ዲያሜትሩ በሰፋበት ወይም ድብልቁ በሳሳበት ክፍል ውስጥ ግን ሁለተኛ ካንዴላ ቅርጹ የነፈገውን ጊዜ ይመልሳል። ንፍቀ ክበባዊ ክፍልም የሚመረጠው በሚያስገባው አየር እንጂ ፈጣን ቃጠሎ በማስገኘቱ አይደለም።

ለተመራማሪዎች ሁለት ተግባራዊ ጥያቄዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው፣ በደጋ አካባቢ የሚሠራ ሞተር የቃጠሎ ርዝመትና የኳኳታ ወሰን ምን ያህል ነው የሚል ነው፤ በአንድ ሲሊንደር ሞተርና በአንድ የግፊት መለኪያ በከተማችን ከፍታ ላይ ሊለካ ይችላል። ሁለተኛው፣ ቴስታታው ተልጎ ጋስኬቱ በወፈረ ሞተር ላይ የቃጠሎው ጊዜ ምን ያህል ይረዝማል የሚል ነው። ሁለቱም ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ መልሳቸው ግን በየጋራዡ በየቀኑ በግምት የሚወሰነውን ውሳኔ በቁጥር ላይ ሊያቆመው ይችላል።